ከኋላ የመጣውን ማን ይቀበለዋል?

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ስለ ዛፉ ጥፋት የሚናገር አይደለም፤ ምሳር ይዘው ስለሚመጡት ሰዎች ጠባይ የሚናገር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። በውድድር የተሸነፈ ወጣት ክብሩ በማን እጅ ነው? በራሱ እጅ ነውን? ወይስ በመድረሻው ቆመው በሚጠብቁት ሰዎች እጅ?

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ጥያቄውን ያነሣነው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። ከመካከላችን የተነሣ አንድ ወንድም ነበረን፤ ስሙን አንጠራም። በሩጫ ከትምህርት ቤቱ የሚቀድመው አልነበረም። በወረዳችን አሸነፈ፤ ደባርቅ ሄዶም አሸነፈ። ያን ጊዜ በእልልታ ተቀበልነው። አዲስ አበባ ሄዶ ክለብ ሊገባ በተነሣ ጊዜ ለመሳፈሪያው ከየቤታችን አዋጣንለት፤ እናቱም በሶ ቋጠሩለት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያለ ክለብና ያለ ሜዳልያ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ። ከመኪናው ሲወርድ ከእኛ አንዱ «ወርቁን የት ደበቅኸው?» አለው። ሁላችንም ሳቅን። እርሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ከጉባኤያችን ተለየ። እንግዲህ ምሳሩን የያዝነው እኛ ነበርን ማለት ነው።

ሰው የራሱን ጥፋት በቅርብ ሲያየው ሰበብ ይበዛበታል። ስለዚህ ነገሩን ራቅ አድርገን ለማየት ምሳሌዎቻችንን ከበረዶ አገር መርጠናል። የበየዳ ልጅ ለብርድ እንግዳ አይደለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን የሚገኘው በእኛው አገር ነው። ጠዋት ውርጭ ባነጣው ሣር ላይ ከብት ያልነዳ ማን አለ? ይሁን እንጂ በረዶ ለእኛ የገብስ ጠላት እንጂ መጫወቻ ሆኖ አያውቅም። በሌላው ዓለም ግን በበረዶ ላይ መንሸራተት ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚሰጡለት ውድድር ነው።

ከውድድሮቹ አንዱ ፊገር ስኬቲንግ ይባላል። ተወዳዳሪዋ ከሥሩ ስለታም ብረት የተገጠመለት ጫማ ተጫምታ፣ እንደ መስታወት በለሰለሰ ግግር በረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተተች ትዘላለች፤ በአየር ላይ ትሽከረከራለች፤ ከዚያም በአንድ እግሯ ታርፋለች። ዳኞችም ለእያንዳንዱ ዝላይ ነጥብ ይሰጣሉ። ቀላልና ቀጭን ሰውነት ለመሽከርከር ስለሚመች ገና በልጅነት ያሉት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹን ይበልጣሉ። ስለዚህ በዚህ ሙያ የምትወዳደር ልጅ ልጅነቷን በሙሉ ለሥልጠና ትሰጣለች። አሜሪካዊቷ ታራ ሊፒንስኪ በ1990 ዓ.ም. በጃፓን አገር በናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ ዕድሜዋ 15 ዓመት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በቤጂንግ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሩሲያዊቷ ካሚላ ቫሊዬቫም እንዲሁ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። በአየር ላይ አራት ጊዜ ዞሮ ማረፍን በኦሊምፒክ መድረክ ከሴቶች ሁሉ በፊት ያሳየችው እርሷ ናት። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር በተወሰደ ናሙናዋ ውስጥ የተከለከለ የልብ መድኃኒት መገኘቱ በውድድሩ መካከል ተሰማ። የዓለም ዓይን ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የነበረችው ልጅ በመጨረሻው ቀን ደጋግማ ወደቀች፤ ውጤቷም አራተኛ ሆነ። እያለቀሰች ከሜዳው ስትወጣ የጠበቃት እቅፍ አልነበረም። ከአሠልጣኟ የሰማችው ለምን መታገል እንደተወች የሚጠይቅ ተግሣጽ ነበር። በዚያን ጊዜ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቶማስ ባኽ ልጅቱ የገጠማትን የቀዘቀዘ አቀባበል አይተው እንደታወኩ በማግሥቱ በአደባባይ ተናገሩ።

አሁን ወደ ናጋኖ እንመለስ። ታራ ሊፒንስኪ ወርቅ በወሰደችበት በዚያው ኦሊምፒክ አንድ ጎረቤታችንም ተወዳድሮ ነበር። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በአገሩ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር፤ በበረዶ ላይ በስኪ መሄድን የጀመረው ከኦሊምፒኩ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። በ10 ኪሎ ሜትሩ የስኪ ውድድር ከጨረሱት ሁሉ የመጨረሻው ሆነ። ኖርዌያዊው ቢዮርን ዳሊ አንደኛ ከገባ በኋላ ቦይት እስኪደርስ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ዳሊ ግን ለሽልማት አልቸኮለም። ሥነ ሥርዓቱን አስጠብቆ በመድረሻው መስመር ላይ ቆመ፤ ኬንያዊው ሲደርስም አቀፈው። በኋላ ቦይት ልጅ ሲወለድለት ዳሊ ብሎ ሰየመው።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። አንዷ በዓለም ካሉት ሁሉ የተዋጣላት ነበረች፤ አራተኛ ወጥታ ብቻዋን ቀረች። ሌላው ከሁሉ ኋላ ደረሰ፤ ወንድም አገኘ። ልዩነቱ በውጤታቸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ልዩነቱ በመድረሻው ላይ በቆመው ሰው ነው።

ከእኛስ አገር? በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈለች። ሰንደቅ ዓላማዋን የያዘው ሮቤል ተክለማርያም ነበር፤ ከእርሱ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበራትም። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ስኪንም በዚያ በትምህርት ቤት ተማረ። በረዶ በሌለበት በአገሩ ጎዳና ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ይለማመድ ነበር። በቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትር ሲወዳደር ከእርሱ በፊት ከ80 በላይ ሰዎች ገቡ። በአራት ዓመቱ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በካናዳ በቫንኩቨር እንደገና ተሰለፈ፤ በዚያም ከ90 በላይ ሰዎች ቀደሙት። እኛ ከአበበ፣ ከማሞ፣ ከምሩፅ፣ ከደራርቱና ከኃይሌ ጋር ያደግን ሕዝብ ስለሆንን ከወርቅ በታች ያለውን መቁጠር ይከብደናል። ስለዚህም ከመካከላችን የሮቤልን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሆኖም እንደማያሸንፍ እያወቀ ሁለተኛ ጊዜ የተሰለፈ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኛ ብንሆን በመጀመሪያው ቀን ተደብቀን አንቀርም ነበርን?

በበረዶ ላይ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ ከሮቤል በፊትም ነበር ብንል ብዙዎች ይደነቃሉ። እርሱም ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በጫማ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሩጫውን አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁንም ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መቀመጫ 25 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንደኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በእንግድነት በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ልብ እንበል፤ በዚያን ቀን አበበ ምንም አላሸነፈም። ሕዝቡ የተነሣው ለሰውየው ነው። አበበ በ1966 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሲያርፍ የሽባነቱን ዘመን እንደ ውርደት የቆጠረው አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚቃወሙን አይጠፉም። በመካከላችን በተደረገው ውይይት ሦስት ክርክሮች ተነሥተው ነበር።

አንደኛው፣ «ተሸናፊን የሚያቅፍ ሕዝብ አሸናፊን አያፈራም፤ ስንፍናን ማሞገስ ነው» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ የሚሆነው ራሱ ዳሊ ነው። በኦሊምፒክ ስምንት ወርቅ ያገኘ ሰው ማሸነፍን ይንቃል ሊባል አይችልም። ቦይትን ባቀፈ ጊዜ ወርቁን አልሰጠውም፤ አንደኛ ነህም አላለውም። መቀበል ሌላ ነው፤ ውሸት ሌላ ነው። ወንድማችን ሲመለስ «አንተ እኮ አሸናፊ ነህ» ብንለው ይህም ሌላ ፌዝ በሆነ ነበር። የሚያስፈልገው ሻንጣውን የሚቀበለው እጅና «እንደምን ሰነበትህ» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው፣ «ሕግ የጣሰስ? እርሱንም እንቀፍ?» የሚል ነበር። የቫሊዬቫን ጉዳይ የመረመረው የስፖርት ፍርድ ቤት በ2016 ዓ.ም. የአራት ዓመት እገዳ ወስኖባታል። ሕግ ሕግ ነውና ቅጣቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ቅጣት በዳኛ ሥራ ነው፤ የሚያለቅስን ልጅ ዕንባ መጥረግ ደግሞ አጠገቡ የቆመ ሰው ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። የስኬቲንግ ዓለም አቀፍ ኅብረትም በ2014 ዓ.ም. የትልልቆችን ውድድር ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ደረጃ በደረጃ ወደ 17 ለማድረስ መወሰኑ ሸክሙ ለልጅ ትከሻ የከበደ እንደነበር የሚያሳይ ነው።

ሦስተኛውና የከበደው፣ «ሰው ክብሩን ራሱ መጠበቅ አለበት፤ በሰው ፊት የሚደሰትና የሚያዝን ምኑን ሰው ሆነ?» የሚለው ነበር። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሮቤል ማንም ሳያጨበጭብለት ሁለተኛ ጊዜ መሰለፉ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ሮቤል በቶሪኖ ሲሰለፍ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ መንገዱን ራሱ የመረጠ ሰው ነበር። ይህን ጽናት ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወይም የመንደሩን አደራ ተሸክሞ ከወጣ ጎረምሳ መጠየቅ አግባብ ነውን? ወንድማችንን የላክነው እኛ ነን። ገንዘብ አዋጣን፤ ተስፋችንንም ጫንንበት። ያሸከመ ሰው ሸክሙን ማውረድም ግዴታው ነው። ልጁን ከሩቅ አይቶ ሊቀበለው ስለሮጠው አባት ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አባትየው የሮጠው የልጁን መልስ ሳይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ለተነሣንበት ጥያቄ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። ሰው የድካሙ ባለቤት ራሱ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ክብሩ ግን፣ በተለይም ወጣት ሳለ፣ ከእኛ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ነው። ሲያሸንፍ አደራውን መመለስ ቀላል ነው፤ ማንም ያደርገዋል። የአደራ ጠባቂ ማንነት የሚታወቀው ባዶ እጁን በተመለሰ ጊዜ ነው።

ይህን ከተወያየን በኋላ ሦስት ሆነን ወደ ወንድማችን ቤት ሄድን። ከአባቱ ጋር ገብስ ሲወቃ አገኘነው። ይቅርታ ልንጠይቅ አስበን የሄድን ቢሆንም አፋችን ተሳሰረ፤ በሬዎቹን እየነዳን አብረነው ስንወቃ ዋልን። ስለ ሩጫ ማንም አላነሣም። ማታ እናቱ ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። ልንሄድ ስንነሣ እስከ በር ሸኘንና «እሑድ ጉባኤው በስንት ሰዓት ነው?» አለን። ሰዓቱን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ነገርነው።

አሁን ደግሞ አንዲት እኅታችን ለወረዳው ሩጫ ትለማመዳለች። ታሸንፍ ይሆናል፤ ላታሸንፍም ትችላለች። እኛ ግን ከአሁኑ ተስማምተናል፤ የመጨረሻዋ ሯጭ እስክትገባ ድረስ ከመድረሻው ንቅንቅ አንልም።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ክፍል