ዕዳው የማን ነው? ስለ አደን፣ ስለ ሽጉጥና ስለ እኛ

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ከመካከላችን የአንዱ ዘመዶች ቦንጋ አጠገብ ስለሚኖሩ፣ በዕረፍት ጊዜ አራት ሆነን እዚያ ሰነበትን። አንድ ማታ ቡና እየተፈላ ወሬው ወደ አደን ዞረ። የጓደኛችን አጎት ወገባቸው ላይ ያለችውን ማካሮቭ መታ መታ አድርገው፣ «በዚችም ቢሆን ድኩላ ይወድቃል» አሉ። ገሚሶቻችን «ኧረ አይወድቅም ጋሼ!» ገሚሶቻችን «ለምን አይወድቅም!» እያልን እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገትን። የተሟገትነው ስለ ሽጉጡና ስለ ጥይቱ ነው። ድኩላውን በሙግቱ ውስጥ ያስገባ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። ፈቃድ አልነበረንም፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑንም እናውቅ ነበር። ይህን የምንጽፈው ለፉከራ አይደለም። ጫካው ከእርሻው በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ አንድ ወንድ ድኩላ ቆሞ አገኘን። አጎትየው ከሠላሳ እርምጃ ያህል ተኮሱ። ድኩላው ዘለለ፣ እንደ ውሻ ጮኸ፣ ገደሉን ወርዶ ጠፋ። ቅጠሉ ላይ ደም አየን። ወዲያው ዝናብ ጀመረ። «ተመቷል፤ ርቆ አይሄድም» ተባለና ወደ ቤት ተመለስን። ቁርስ በላን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ ድኩላውን ተሸክመው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ማገዶ በመሸጥ የሚተዳደሩ፣ ከማንጆ ወገን የሆኑ ሰው ናቸው። ጦራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈውታል። አጎትየው፣ «አንተ! ማን ንካ አለህ?» ብለው ተቆጡ። ሽማግሌው፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰማሁት ጌታዬ። የተጀመረ ነገር መጨረስ አለበት ብዬ ነው» አሉ። ድኩላው የተመታው ሆዱ ላይ ነበር። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በሕይወት ቆይቷል። ሥጋውን «እርሱ የገደለውንማ አንበላም» ተብሎ ለሽማግሌው ተተወላቸው። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ለእሳቸው ግን በቤቱ ስኒ አልተቀዳም። እኛም፣ በየመድረኩ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የምንናገረው እኛ፣ ዝም አልን።

እንግዲህ ጥያቄያችን ሁለት ሆነ። አንደኛ፣ ደካማ መሣሪያ መርጦ ማደን ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ሰዎች አዳኝ ሊባል የሚገባው የትኛው ነው?

ከመጀመሪያው እንነሣ። የማካሮቭ ጥይት ስድስት ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈ ሙዙ ሲወጣ ያለው ጉልበት 300 ጁል ገደማ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት 2000 ጁል ያህል አለው። የድኩላ ወንዱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ሽጉጥ አፈ ሙዙ አጭር ስለሆነ አነጣጥሮ መምታቱም ያስቸግራል፤ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ልብ ላይ ያነጣጠሩትን ሆድ ላይ ያሳርፈዋል። ማካሮቭ የተሠራው ሰው በቅርብ ራሱን እንዲከላከልበት ነው። ለአደን አልተሠራም።

በሽጉጥ ማደን ግን የእኛ አጎት ብቻ የፈጠሩት ነገር አይደለም። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ዋላ በሽጉጥ ማደን የተፈቀደ ነው። (ብዙ ተርጓሚዎች ዋላን «አጋዘን» ይሉታል። የእኛ አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ አይጥልም፤ ዋላ የሚባለው ዘር በአገራችን ጫካ የለም።) እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ የወጣው «44 ማግነም» የተባለው ጥይት ከሺህ ጁል በላይ ስላለው ብዙ የሽጉጥ አዳኞችን አፍርቷል። እነዚህ አዳኞች ክርክር አላቸው። «ጠመንጃ ነገሩን በጣም ያቀለዋል፤ እኛ ሽጉጥ የምንመርጠው እንስሳው የማምለጫ ዕድል እንዲኖረው ነው» ይላሉ። ስፔናዊው ፈላስፋ ኦርቴጋ ኢ ጋሴትም ስለ አደን በጻፈው ሐተታ፣ መሣሪያ እየበረታ ሲሄድ አዳኝ በፈቃዱ ራሱን መገደብ መጀመሩን የአደን ክብር አድርጎ ይቆጥረዋል።

ክርክሩ ሲሰሙት ያምራል። ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። ገደቡን የመረጠው ማን ነው? አዳኙ። ጥይቱ ሳይገድል ሲያቆስል የሚሠቃየው ማን ነው? ድኩላው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ሲያደክም ዋጋውን ራሱ ከከፈለ ጨዋነት ነው፤ ዋጋውን ሌላ ከከፈለለት ግን በሰው ገንዘብ መለገስ ነው። እንግሊዛዊው ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 በታተመው መጽሐፉ፣ እንስሳን በሚመለከት መጠየቅ ያለበት ማሰብ መቻሉ ሳይሆን መሠቃየት መቻሉ ነው ብሎ ተከራክሯል። ያ ድኩላ አላሰበ ይሆናል። ሌሊቱን ግን አቃስቷል።

«ታዲያ ጦርስ? ጦር ከሽጉጥ አይደክምም ወይ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ይደክማል። ነገር ግን ባለ ጦሩ የመሣሪያውን ድክመት የሚሞላው በራሱ ነው፤ ይጠጋል፣ ይደበቃል፣ ይሮጣል፣ በአውሬው ሊወጋ ይችላል። ያቆሰለውንም ይከተላል፤ ካልተከተለ ቤተሰቡ ጾሙን ያድራል። ባለ ሽጉጡ ደግሞ በመሣሪያው ድክመት የጎደለበት አንዳች ነገር የለም። ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ይገባል፤ ቁርሱ አይቀርበትም። እንግዲህ የእኛ መለኪያ ይህ ነው፤ መሣሪያ የሚመዘነው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ድክመቱን ማን ይከፍለዋል በሚለውም ጭምር ነው። የማይከተል ሰው መተኮስ የለበትም። በአንድ ምት ለመግደሉ እርግጠኛ ያልሆነም እንዲሁ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ማንጆዎች በካፋ መንግሥት ዘመን የጫካው አዳኞችና የመንግሥቱ በሮች ጠባቂዎች ነበሩ። ያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ አበቃ፤ በማንጆዎች ላይ የነበረው ንቀት ግን አብሮ አላበቃም። ምክንያት ተብሎ የሚነገረው የጉሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነው። በአገራችን ለግዳይ የተፎከረውና የተሸለለው ጥቂት አይደለም፤ አንበሳና ጎሽ የጣለ ሰው ጀግና ተብሏል። ለዝና የገደለው ሲሞገስ ለጉርሻ የገደለው ተናቀ! ይህ ሚዛን በምን ኅሊና ይጸድቃል? የአጎትየውን ሽጉጥ ያከበርነውና የሽማግሌውን ጦር የናቅነው በዚሁ ሚዛን ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ጫካ ዛሬ ማንም እንደ ልቡ ያድን አንልም። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የጫካ ቡናውም፣ አንበሳውም፣ ድኩላውም መጠለያቸው እርሱ ነው። ግን እዚህም ላይ ያው ጥያቄ ይከተለናል። ጫካው ሲጠበቅ ከጫካው ይኖር የነበረው ሰው ይጎድልበታል። ጥበቃውን የምንወደው እኛ ሆነን ዋጋውን የሚከፍሉት እሳቸው ብቻ ከሆኑ፣ እንደ ሽጉጡ አደን በሌላው ኪስ ጨዋ መሆን ነው።

በቋንቋችን የሚያድነውም «አዳኝ» ነው፤ የሚያድነውም «አዳኝ» ነው። ቃሉን ጠበቅ ላላ አድርጎ ለማንበብ ነገሩን ማወቅ ያሻል። ያን ቀን ጠዋት ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሰው ሁለቱንም ነበሩ፤ ድኩላውን ገደሉት፣ ከሥቃዩም አዳኑት። እኛ ግን አንዱንም አልነበርንም። ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ቀረን። ወደ ቦንጋ የምንመለስበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራችን ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ «አባባ፣ ይግቡ፤ ቡና ይጠጡ» ማለት ነው። ከውስጥ እንቢ የሚል ቢኖር፣ ቡናውን ከእሳቸው ጋር ውጭ እንጠጣለን።