«ተረፍክ እኮ!»

ሰው ሲጣደፍ ስናይ «በሰባት ወርህ ነው እንዴ የተወለድከው?» ብለን እንስቃለን። ቀልዱ አይከፋም። ግን እውነትም በሰባት ወሩ የተወለደ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶትም ስለ ልደቱ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ይኸው ቀልድና «ተመስገን፣ ተረፍክ እኮ!» ነው።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሁሉ ያለ ጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል። በዓለም ላይ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ማለት ነው። ኩላሊትን ብቻ እንይ፦ ደም የሚያጣሩት ጥቃቅን ክፍሎች ተሠርተው የሚያልቁት በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ቀድሞ የወጣ ልጅ በጥቂት ማጣሪያ ዕድሜውን ሊገፋ ይችላል። ጎልማሳ ሲሆንም ለደም ግፊት የመጋለጥ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፣ ይሄ ይሰመርበት። ግን ግፊት ሳይለኩ አይታወቅም፤ ለመለካት ደግሞ ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ የተረፈ ሰው «ምን ቀረብኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ውለታ ቢስ ነው?

ስቲቪ ወንደርን አስቡት። በ1950 እ.ኤ.አ. ስድስት ሳምንት ቀድሞ ተወለደ፣ ማሞቂያ ውስጥ ገባ፣ እዚያ የተሰጠው ብዙ ኦክስጅን ዓይኑን አሳጣው። ሐኪሞቹ ክፉ አልነበሩም፤ የኦክስጅኑ ጉዳት በጥናት የተረጋገጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያዳነውና የጎዳው አንድ እጅ ነው። ምስጋናም ጥያቄም ለዚያው እጅ ይገባሉ፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። «ባትተርፍስ ኖሮ?» የሚሉት ሰዎች ግን ምስጋናን አፍ ማዘጊያ ያደርጉታል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም።

የሚከብደኝ የእናት ነገር ነው። ልጅ «ለምን ቀድሜ ወጣሁ?» ሲል እሷ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብላ ትሰማዋለች። ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሐኪምም አይገለጥም። ስለዚህ ጥያቄውን መጀመሪያ ማንሳት ያለበት ሐኪሙ ይመስለኛል። ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ፣ በቤተሰብ ስኳር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ በስንት ሳምንትህ ተወለድክ ቢል ምን ይጎድልበታል?

«በእኛ አገር ማን ሳምንት ይቆጥራል?» ትሉኝ ይሆናል። እናቶች በራሳቸው መንገድ ይቆጥራሉ። «ለሐምሌ አቦ ስጠብቅህ ለግንቦት ልደታ ከተፍ አልክ» ያለች እናት፣ ዘጠኝ ሳምንት ቀድሞ ተወለደ ብላለች። ካርዱ ላይ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው።