በሽታ ፍርድ ነውን?

ሕመምን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ስለ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ የተደረገው ምርምር ግን ይህን እምነት ክፉኛ ይፈትነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ባወጣው ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች 3.7 ቢሊዮን ያህሉ የአንደኛው ዓይነት ቫይረስ አለባቸው፤ አብዛኞቹን የያዛቸውም በልጅነታቸው ነው። ቫይረሱ በነርቭ ሕዋሳት ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ በጥቂቶች ግን አንጎልን አቁስሎ ለሞት ያደርሳል፤ አራስ ሕፃን እንኳ በወሊድ ጊዜ ከእናቱ ሊይዘው ይችላል። ሕመም የበደል ቅጣት ቢሆን ኖሮ፣ ያልበደለውን ሕፃን ቀጥቶ ጎልማሳውን በነፃ የሚያሰናብት ፍርድ በሆነ ነበር።

«ታዲያ ምግባር ከሕመም ጋር ግንኙነት የለውም?» የሚል ይኖራል። አለው፤ ቫይረሱ በግብረ ሥጋም ይተላለፋል፣ ጥንቃቄም ሥርጭቱን ይቀንሳል። ነገር ግን የበሽታን መተላለፊያ ማወቅ በታማሚው ላይ መፍረድ አይደለም። «ኀፍረት ሰውን ያስጠነቅቃል» የሚለውም አያስኬድም፤ ያፈረ ይደበቃል፣ የተደበቀም ሳይታከም ለሌላው ያስተላልፋል። በዮሐንስ ወንጌል ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን እንደበደለ ሲጠይቁ፣ ክርስቶስ ሰውዬውንም ወላጆቹንም አልወቀሰም፤ ፈወሰው እንጂ። አሲክሎቪር የተባለው የሄርፒስ መድኃኒትም የቫይረሱን መራባት የሚገታው የታማሚውን ታሪክ ሳይጠይቅ ነው። የአማኝም ቀዳሚ ግዴታ እንክብካቤ እንጂ ፍርድ አይደለም።