ባለማወቅ ስለ መሸሸግ

«ሳላውቅ ነው» የሚለው ቃል ለብዙ ሰዎች ጋሻ ሆኗል፤ ያላወቀ አይወቀስም ተብሎ ይታመናልና። ነገር ግን ለማወቅ ጥቂት ዋጋ ብቻ የሚበቃ ሲሆን፥ አለማወቅ ንጽሕና ነውን? ይህን ጥያቄ ከትልቅ ነገር ሳይሆን ከአንዲት ስኩተር ባትሪ ጀምረን እንመርምረው።

የስኩተር ጎማ ሲተነፍስ በዓይን ይታያል። ባትሪ ግን የሚደክመው በዝምታ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. እንደ ገና ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስ ባትሪ ከሠራ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ይህ ጠባዩ ግን አልተለወጠም። ባዶውን የቆየ እንደ ሆነ፥ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የሚያርፈው ጨው እየጠጠረ ይሄዳል፤ በኋላ ቢሞሉትም የቀድሞ ኃይሉ በሙሉ አይመለስም።

ይህን ዝምታ የሚገልጥ አንድ ርካሽ ዕቃ አለ፤ እርሱም በመሪው አጠገብ የሚገጠም ትንሽ የቮልት መለኪያ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ዐርፎ ሳለ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ቁጥሩ ከ13.5 እስከ 14.5 ገደማ ይወጣል። ነዳጅ ተሰጥቶት እንኳ ከ13 በታች ከቀረ፥ ባትሪው የሚገባውን ኃይል አላገኘም ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ክፉ ወሬ እንዳይሰማ ብሎ መለኪያውን ሳያስገጥም ቀረ እንበል። በሌሊት ልጁ ታሞበት ወደ ሐኪም ሊያደርሰው ሲጣደፍ ሞተሩ አልነሣ ቢለው፥ «ባትሪው መድከሙን አላወቅሁም» ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያላወቀው ማወቅ ስላልቻለ አይደለም፤ ማወቅ ስላልወደደ ነው። እኛ ላለማወቅ የመረጥነውን ነገር፥ ዕዳውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

የሰው ሕሊናም እንደዚህ ያለ መለኪያ ነው፤ ስለዚህ የአሠራሩን ሕግ ከትንሹ ዕቃ እንማር። ገና ተሞልቶ የወጣ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር ያታልላል፤ እውነተኛው ኃይሉ የሚታወቀው ሞተር ሲያስነሣ ነው። በዚያች ቅጽበት ከ10 ቮልት በታች ከወደቀ፥ ብዙውን ጊዜ ደክሟል። ሰውም የሚመዘነው በምስጋና ሰዓት ሳይሆን ሸክም በወደቀበት ሰዓት ነው።

ደግሞ ርካሽ መለኪያ ጥቂት ሊስት ይችላል። ሆኖም ከታመነ መለኪያ ጋራ አንድ ጊዜ ቢያስተያዩት የስሕተቱ ልክ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ይጠቅማል። ሕሊናም ለራሱ ያደላልና፥ እውነቱን ከሚነግር ወዳጅ ጋራ ማስተያየት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ሕግ ይበልጥ ያስደንቃል። መለኪያው ራሱ ከባትሪው ይበላል። 20 ሚሊአምፔር የሚወስድ መለኪያ ሌትና ቀን ሳይጠፋ ቢኖር፥ 6 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በ12 ቀን ተኩል ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ ሽቦውን በፊውዝ አሳልፎ፥ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋራ ያገናኘዋል። እንዲሁም ያለ ዕረፍት ራሱን ሲመረምርና ሲወቅስ የሚኖር ሰው፥ ለበጎ ሥራ የሚሆነውን ጉልበት በምርመራው ይጨርሰዋል። ምርመራ ጊዜ አለው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሥራ ነው።

ብዙዎች ማወቅን የሚፈሩበት ምክንያትም ይኸው ነው። መለኪያው ባትሪውን አይሞላም፤ ሙላኝ ብሎ ባለቤቱን ያዝዛል እንጂ። ማወቅ ግዴታን ይወልዳል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በጥቂት ዋጋ ልታውቀው የምትችለውን ነገር «አላወቅሁም» ብለህ አትሸሸግበት። ቁጥሩ ሲወርድ እያየህ ዝም ብትል ደግሞ፥ መለኪያ ከሌለው ጎረቤትህ አንተ ትብሳለህ፤ እርሱ ቢያንስ የነገረው የለም።