የሌላውን ዓይን ሳንነጥቅ እንይ

አዲስ አበባ ውስጥ ሲመሽ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚነዳ ሰው አንድ ነገር ተመችቶታል። የቀላል ባቡሩ መስመር መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍለው ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ዓይኑ ላይ ብዙም አያርፍም። ችግሩ የሚጀምረው ከዋናው መንገድ ሲወጣ ነው። በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች መካከል፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቡልቡላ ውስጥ ለውስጥ፣ አካፋይ በሌለው ጠባብ አስፋልት ላይ ነጭ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ የሚመስል መብራት ድንገት ፊቱ ላይ ቦግ ይልበታል። ባለመብራቱ ቢጠየቅ "አጭር ነው ያበራሁት" ይላል። ያኛው ደግሞ ፍሬን ይይዛል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ ይራገማል፤ ከዚያ ረጅሙን አብርቶ ብድሩን ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱንም መኪና የሚነዳው የማያይ ሰው ነው።

አሽከርካሪ ወገኖቼ፣ ይህን ልማድ እንተወው። አምፖል የሚያስቀይር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቱ ይገባኛል። የመንገድ መብራት የማይደርስባቸው ሰፈሮች ገና ብዙ ናቸው። ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ፣ መሀል መንገድ ላይ የተራገፈ ጠጠር፣ ክዳን የሌለው ማንሆል በደካማ መብራት አይታይም። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኗል፤ መኪናዋ ስታረጅ መብራቷም አብሮ ይደክማል። እንግዲህ ማየት መፈለግ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያለው ያለንን ሳናስተካክል ኃይል መጨመራችን፣ ስንጨምርም ሽቦውንና የመንገድ ባልንጀራችንን መርሳታችን ላይ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም ሁላችንም አይተነዋል። ባለመኪናው መንገድ ዳር ያቆማል። ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን ከፍቶ "ጋሼ፣ ይቺ ሌሊቱን ቀን ነው የምታደርግልዎት" ይላል። ኤልኢዲው ከካርቶኑ ይወጣል። ከኋላው ያለው ማቀዝቀዣ ፋን በመብራቱ የኋላ ጎማ አላልፍ ሲል ጎማው በምላጭ ይቆረጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አቧራውም የክረምቱም ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ሶኬቱ አልገጥም ካለ ሽቦው ይላጣል፣ በጣት ይጠመዘዛል፣ በጥቁር ናስትሮ ይጠቀለላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው ያልቃል። መብራቱ ግድግዳ ላይ ሲያንቦገቡግ ባለመኪናውም ሠሪውም ይስቃሉ። የት ከፍታ ላይ እንዳረፈ ግን ማንም አይለካም።

የመኪና መብራት ብርሃኑን የሚያደርሰው አምፖሉ ብቻውን አይደለም። በብዙዎቹ መኪኖቻችን ላይ ያለውን ኤች 4 የሚባለውን ሃሎጅን አምፖል ውሰዱ። በውስጡ ሁለት ክሮች አሉ፤ ለአጭር 55 ዋት፣ ለረጅም 60 ዋት። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ሥራዋ ወደ ታች የሚሄደውን ጨረር መከልከል ነው፤ ያ ጨረር ከታችኛው አንጸባራቂ ተመልሶ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ይወጣ ነበርና። አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ በመስመር የተቆረጠ መስሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። አንጸባራቂው የተሠራው ክሩ ያለበትን ቦታ በሚሊሜትር ቆጥሮ ነው። በክሩ ፈንታ በግራና በቀኝ የተለጠፈ ኤልኢዲ ሲገባበት ቦታውም ቅርጹም ይለወጣል፣ መስመሩ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ይበተናል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ የሉመን ቁጥር ይህን አይነግራችሁም።

የተበተነው ብርሃን የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አሽከርካሪ ዓይኑ እስኪመለስለት 3 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው በዚያ ጊዜ ውስጥ 40 ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ደግሞ አትርሱ። በሁለት ኃይለኛ መብራቶች መካከል መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ለሁለቱም አሽከርካሪዎች ይጠፋል። ያ ሰው ከሥራ አምሽታ ወደ ኮንዶሚኒየሟ የምትገባ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ገና ሳይነጋ ወደ ቦሌ ሚካኤል የሚገሰግስ ምዕመን፣ በሰንዳፋ መንገድ ዳር ልምምድ የጀመረ ሯጭ፣ ወይም የእናንተው ልጅ ሊሆን ይችላል።

"ሌላው ሲያበራብኝ እኔ ምን ላድርግ?" የሚል ክርክር አለ። የሚረዳችሁ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር። ግን ከአፍንጫችሁ ሥር ያለው አስፋልት ከመጠን በላይ ሲያበራ ዓይን ከዚያ ጋር ይላመድና ብሌኑ ይጠባል፤ ሩቅ ያለው ጨለማ ይበልጥ ይጨልማል። አሽከርካሪው ግን "አሁን በደንብ አየሁ" ብሎ ፍጥነት ይጨምራል። ሰማያዊ ወደመሰለው የሚያደሉት አምፖሎች ደግሞ ለዓይን የሚያብረቀርቁትን ያህል በዝናብና በጭጋግ መንገድ አያሳዩም። ለጌጥ ካልሆነ በቀር ጥቅም የላቸውም።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፤ መኪና የሚያቃጥለው ችግር ያለው እዚህ ነውና። አንዳንዱ ሃሎጅኑን አይለቅም፤ ግን በ60 ዋት ፈንታ 100 ዋት ያስገባል። በ12 ቮልት ሲሰላ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች 10 አምፔር ይስባሉ፤ ሁለት ባለ 100 ዋት ግን ወደ 17 አምፔር ይጠጋሉ። ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከከረንቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ያው ቀጭን ሽቦ ወደ 3 እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት እንዲችል ተፈረደበት ማለት ነው። መጀመሪያ የአምፖሉ ፕላስቲክ ሶኬት ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል፣ መብራቱም ውስጡ ይጠቁራል። ፊውዙ ይህን አይቶ ሲቃጠል "ይቺ ፊውዝ አስቸገረች" ተብሎ በ30 አምፔር ይተካል፤ ያም ከጠፋ በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ይታሰራል። ፊውዝ የመኪናው ዘበኛ ነው፤ እሱን አስሮ መንዳት ዘበኛን አፍኖ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና ሽቦው ራሱ ይሆናል። ሽቦው ያለው ደግሞ ነዳጅና ዘይት አጠገብ ነው።

ዜኖን የሚባለው አምፖልም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሲነሳ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚረጭ ባላስት የሚባል ሳጥን አለው። ይህን በናስትሮ በተጠቀለለ ሽቦና በፕላስቲክ ማሰሪያ በተንጠለጠለ ሳጥን ማሠራት ከአደጋ ጋር መጫወት ነው። ዜኖን ከፋብሪካ ተገጥሞባቸው የሚመጡ መኪኖች በአውሮፓ ሕግ የመብራቱን ከፍታ ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያና መስታወቱን የሚያጥብ ውሃ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። እኛ ግን አምፖሉን ብቻ ገዝተን ሌላውን ሁሉ እንተወዋለን።

እንግዲያውስ ምን እናድርግ? መብራታችሁ ደከመ ብላችሁ ገንዘብ ይዛችሁ ወደ ሱማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት የመብራቱን ፊት ተመልከቱ። የዛሬዎቹ መኪኖች መብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ቢጫውን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር አስጠርጎ፣ አስወልውሎ፣ ፀሐይ የሚከላከል ቀለም ማስቀባት ከአዲስ አምፖል የበለጠ ብርሃን የሚመልስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ እየሠራና መብራቱ እየበራ ኤሌክትሪሺያኑ በቴስተር ቮልቱን በባትሪው ላይም በአምፖሉ ሶኬት ላይም ይለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ የአምፖሉ ላይሆን ይችላል፤ የዛገ ግራውንድ፣ የላላ ሶኬት ወይም ያረጀ ማብሪያ ነው። ሃሎጅን አምፖል ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ግራውንዱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ማጥበቅ ብቻ ስንቱን "ደካማ" መብራት አድኗል!

አምፖል መቀየር ካለበት በፋብሪካው ዋት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። መስታወቱን በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ስለሚግል አምፖሉ ዕድሜ አይኖረውም። ስትገዙ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ኢ ፊደልና ከአጠገቡ ቁጥር ያለበትን ፈልጉ፤ ያ ምልክት ዕቃው ደረጃ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። ተጨማሪ ፓውዛ የግድ የሚያስፈልጋችሁ፣ ገጠር የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ከባትሪው ቀጥታ በሪሌይ ይምጣ፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሽቦው ለጭነቱ የሚበቃ ውፍረት ይኑረው፤ ስለት ባለው ቆርቆሮ ሲያልፍ መከላከያ ይልበስ። ከተማ ውስጥ ይጥፋ። ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ በኮሪደር ልማት በተሠራው መንገድ ላይ፣ መርፌ የሚያስለቅም የመንገድ መብራት ሥር፣ ፓውዛ ማብራት ማንን ለማሳየት ነው?

ከሁሉ በፊት ግን የግድግዳውን ፈተና ሥሩ። ጎማውን በትክክል ነፍታችሁ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ፣ አንድ ሰው መሪው ጋ አስቀምጣችሁ አጭሩን አብሩ። የብሩሁ ክፍል የላይ ጠርዝ ከመብራቱ መሀል ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ጠርዙ በቀኝ በኩል ትንሽ ከፍ ቢል ልክ ነው፤ የቀኙን ዳር ያሳያችኋል። በግራ ከፍ የሚል ከሆነ ግን መኪናው በግራ ለሚነዳ አገር፣ ለምሳሌ ለጃፓን፣ የተሠራ ነው። መሪው ወደ ግራ ተዛውሮለት መብራቱ እዚያው ቀርቶ ከሆነ በየምሽቱ የሚመጣውን ሰው ዓይን እየወጋችሁ ነው፤ የፊት መብራቱን ሙሉውን መቀየር ያስፈልጋል። ጠርዝ የሚባል ነገር ጨርሶ ካልታየ፣ ያስገባችሁት ኤልኢዲ ለዚያ መብራት አልተሠራምና አውጡት። ከኋላ ሰውና ዕቃ የምትጭኑ፣ በተለይ ባለ ሚኒባሶች፣ ኋላው ሲዘቅጥ አፍንጫው ቀና ስለሚል መብራቱ ወደ ላይ እንደሚወጣ አስታውሱ። መሪው አጠገብ ከ0 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት መቆጣጠሪያ ካለች ለዚህ ነው የተሠራችው፤ ጭነት ሲጨምር ቁጥሩን ጨምሩ።

ሌላው ዓለምም በዚህ ተፈትኗል። በእንግሊዝ የዓመታዊ ምርመራ መመሪያ፣ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ ወይም ዜኖን የገባበት አውቶሞቢል ይወድቃል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 ለኦስራም ኩባንያ ኤልኢዲ አምፖል ፈቃድ ስትሰጥ በጅምላ አልሰጠችም፤ የተፈተነባቸው የመኪና ሞዴሎች በስም ተዘርዝረው ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ኤልኢዲ በራሱ ጠላት አይደለም፣ አምፖሉና መብራቱ አብረው ሳይፈተኑ ሲጋቡ ነው ችግሩ። ኤልኢዲያቸውን ከፋብሪካ ይዘው የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ከተጋጩና ከተጠገኑ በኋላ ካልተስተካከሉ ያው ናቸው።

እናንተ ኤሌክትሪሺያኖች ደግሞ፣ ደንበኛው አያውቅም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። "ፊውዙን አልቀይርም፣ መጀመሪያ ለምን እንደተቃጠለ ልይ" የምትል አንዲት ቃል ሙያተኛን ከሽቦ ጠምዛዥ ትለያለች። መብራት ገጥማችሁ ግድግዳ ላይ ሳትለኩ አትሸኙ። ነጋዴዎችም "ሌሊቱን ቀን ያደርጋል" ማለቱን ትታችሁ ለየትኛው መብራት እንደሚሆን ንገሩ። ዓመታዊ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ግዴታ ነው። ለቦሎ ቀን የፋብሪካውን አምፖል መልሶ ማግስቱን መቀየር መርማሪውን አያታልልም፤ የሚታለለው ባለቤቱ ነው። መርማሪዎችም መብራት መብራቱን ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያርፍ ብትለኩ የስንቱን ሕይወት ባተረፋችሁ!

መንገድ ላይ ኃይለኛ መብራት ሲመጣባችሁ ብድር አትመልሱ። ዓይናችሁን ወደ መንገዱ የቀኝ ዳር መልሱ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ እስኪያልፍ ታገሡ። ከፊታችሁ መኪና ስታዩ ረጅሙን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ፤ ሌላው እስኪያወርድ አትጠብቁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቢሸታችሁ ወይም ዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ብታዩ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ኮፈኑን ግን ብድግ አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር እሳቱን ያባብሰዋል። 939 ደውላችሁ የእሳት አደጋ መከላከልን ጥሩ። የእሳት ማጥፊያም ከወንበር ሥር ይኑር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ ማታ መኪናችሁን ግድግዳ ፊት አቁማችሁ ለኩ፤ ነገ ኮፈኑን ከፍታችሁ ፊውዙንና ሽቦውን አሳዩ። ወጪው ከአንድ ኤልኢዲ ዋጋ አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜም ያንሳል። ይህን ያደረገ ሰው የራሱን መንገድ በደንብ ያያል፣ ከፊቱ የሚመጣውም ያያል። መንገዱ ሰላም የሚሆነው ሁለቱም ሲያዩ ብቻ ነው።