ፈታኙ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ

«የአረቢካ ቡና ክሮሞዞም ስንት ነው? ሀ) 11 ለ) 22 ሐ) 33 መ) 44።» በካፋዋ ቦንጋ ከተማ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ይህ ሲመጣለት «መ»ን ያከብባል፣ ነጥቡን ይይዛል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከፈተናው ወጥቶ ወደ ማንኪራ ደን ቢያቀና ቡናው ራሱ፣ ማንም ሳይተክለው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ያገኘዋል። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስሙን ያስጠራውም ይኸው የዱር ቡና ነው።

የፈተና ጥያቄ ቆም ብለው ሲያስቡት እንግዳ ነገር ነው። መንገደኛ «የጅማ መኪና ሄደ እንዴ?» የሚለው ስለማያውቅ ነው። ፈታኝ ግን የሚያውቀውን ይጠይቃል። 44 መሆኑን ከተማሪው በፊት ያውቃል፤ የማያውቀው ተማሪው ማወቅ አለማወቁን ብቻ ነው። ስለ ቡና የተጠየቀ የሚመስለው ጥያቄ የተጠየቀው ስለ ልጁ ነው ማለት ነው። ይህ ነውር የለበትም። ነገ መርፌ የምትወጋን ነርስ የመድኃኒቱን መጠን ማወቅ አለማወቋን አስቀድሞ የሚያይልን ሰው ያስፈልገናል። ጥያቄው ሁሉ እንዲህ ብቻ ሲሆን ግን ሌላ ትምህርት በጎን ይገባል፤ ተማሪው እያንዳንዱ ጥያቄ ባለቤት እንዳለው፣ መልሱም ባለቤቱ እጅ ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ይማራል።

ኩረጃን ከዚህ ነጥላችሁ አትዩት። መልሱ አልቆ የተቀመጠ ዕቃ ከሆነ፣ በችከላ መጣ፣ ከጎን ወረቀት መጣ፣ በስልክ መጣ፣ የመንገድ ልዩነት ብቻ ይመስላል። አሳይመንቱን ካለፈው ዓመት ተማሪ ወስዶ ስሙን ቀይሮ የሚያስገባ ልጅ ጥፋተኛ ነው፤ ግን ያስተማርነውን አልሳተም። አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብታ መፈተን ስትጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ጥበቃው ማጥበቁን እደግፋለሁ፤ ሐቁን አውጥቷል። ነገር ግን ጥበቃ መስረቂያውን መንገድ ይዘጋል እንጂ ጥያቄውን አይለውጠውም።

ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ ይህን ችግር ከሥሩ ይዞታል። የማታውቀውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለህ? ብታገኘውስ እሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ሶቅራጥስ መልስ ለመስጠት ምንም ያልተማረ አገልጋይ ልጅ ያስጠራና መሬት ላይ አራት ማዕዘን ይሥልለታል፤ ጎኑ 2፣ ስፋቱ 4። እጥፉን፣ ማለትም 8ን፣ አምጣ ይለዋል። ልጁ ጎኑን 4 ያደርገዋል፤ 16 ይሆናል። 3 ይላል፤ 9 ይሆናል። ከዚያ ግራ ይገባዋል። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው፤ ልጁ ሲጀምር የሚያውቅ መስሎት ነበር፣ አሁን አለማወቁን አወቀ። በመጨረሻ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የተሰመረው መስመር ላይ አዲስ አራት ማዕዘን ሲያቆሙ 8 ይወጣል። ሶቅራጥስ መልሱን ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ ጥያቄው ያው የፈታኝ ጥያቄ ነው። ሆኖም ልጁ 4 እና 3 ያለባቸው ስህተቶች ቦታ አግኝተዋል። በእኛ የማትስ ወርክሺት ላይ ሁለቱም ኤክስ ተደርጎባቸው ያልፉ ነበር።

ፈታኙ መልሱን የማያውቅበት ፈተና ደግሞ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ፣ በየዕለቱ ለመምህሩ የሚያቀርበው ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቅኔ ነው። መምህሩ ሕጉን፣ ቤቱን፣ ምሥጢሩን ያውቃል፤ ተማሪው ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ያም ሆኖ ያርማል፣ ይመዝናል። «መልሱን ካላወቅን እንዴት ነጥብ እንሰጣለን?» ለሚል መምህር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ካፋ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የታደለ ምድር ነው። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴው ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ይጠቁራል፤ አርሶ አደሩ ዓመት የጠበቀው ምርት ይረግፋል። የጅማ ተመራማሪዎች የደቡብ ምዕራብን ቡና ዛፍ በዛፍ እየፈተሹ፣ ጎረቤቱ ሲጠቁር ይህኛው ለምን ዳነ ብለው ጠየቁ። መልሱን በኪሱ የያዘ ማንም አልነበረም። ዛሬ በየማሳው የሚተከሉት 74110 እና 74112 የመጡት ከዚያ ፍለጋ ነው፤ መነሻው 74 የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ.ን ያስታውሳል። ያንን የ44 ጥያቄ እዚህ ድረስ መግፋት ይቻል ነበር። ዘመዶቹ 22 ሲኖራቸው አረቢካ ለምን 44 ኖረው? ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ስለተገኘ ነው፤ ይህ ይታወቃል። ታዲያ ከዚያ አንድ ምንጭ የተቀዳ ቡና አንዱ በሽታውን ሲቋቋም ሌላው ለምን ይሸነፋል? እዚህ ላይ መምህሩም ወንበር ስቦ ከተማሪው ጎን ይቀመጣል።

ታሪክ ላይም ያው ነው። የካፋ መንግሥት መቼ ወደቀ? 1897 እ.ኤ.አ.። የመጨረሻው ንጉሥ ማን ነበሩ? ጋኪ ሸሮቾ። ሁለት ነጥብ። ያ ዓመት በተማሪው ቀበሌ እንዴት ይተረካል? ሽማግሌዎቹ ከሚሉት የትኛው እርስ በርሱ ይጋጫል? ይህ ሞጁል ውስጥ የለም፤ ከአውሮፓ መጥቶ በ1905 እ.ኤ.አ. ካፋን ያየው ፍሪድሪክ ቢበር የጻፈውም ሁሉን አይሸፍነውም። የካፋን ቋንቋ ካፊኖኖን የሚናገር ተማሪ ግን አያቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ መምህሩ ከሌላ ክልል የመጣ ከሆነ ደግሞ ከተማሪው ይማራል።

በቦንጋ ዩኒቨርሲቲና በቦንጋ መምህራን ኮሌጅ የምታስተምሩ መምህራን፣ በሚቀጥለው ፋይናል ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ እናንተም መልሱን የማታውቁት ይሁን፤ ከደኑ፣ ከጎጀብ ወንዝ ወይም ከገበያው ይምጣ። አሥር ነጥብ መድቡለት፤ የምታርሙትም መንገዱን ይሁን። ተማሪው «እስካሁን አላወቅኩም» ብሎ የቱ ጋ እንደቆመና ለምን እንደቆመ በግልጽ ከጻፈ፣ አሥሩን ሙሉ ስጡት።