የዲዲሞስ ወንበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በመጻጉዕ ሰንበት፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በሕመም የኖረውን ሰው ታሪክ እንሰማለን። ጌታችን በጠየቀው ጊዜ ያ ሰው የሰጠው መልስ ሊታሰብበት ይገባል። ውኃው ራቀኝ አላለም፤ ፈውስ የለም ብሎም አላጉረመረመም። ያጣው ሰው እንደ ሆነ ነው የተናገረው። ውኃው ሲናወጥ ደግፎ የሚያወርደው ስላልነበረ ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመው ነበር።

አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆቻችንን ትምህርት ስናስብ ይህ ታሪክ በፊታችን ይቆማል። በዚህ በባተርሲ የዕውቀት ውኃ በየቀኑ ይናወጣል፤ ትምህርት ቤቱም ሩቅ አይደለም። አንዳንዱ ልጃችን ግን በዳር ቀርቶ ሌላው ይቀድመዋል። ይህ ልጅ ያጣው ችሎታ ነው ወይስ ሰው?

ለዚህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ መልስ አላት። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ዲዲሞስ የሚባል ሊቅ ነበረ። ገና በሕፃንነቱ፣ ፊደል ሳይቆጥር፣ የዓይኑ ብርሃን ጠፋ። ሆኖም በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ፤ ሌሎች ሲያነቡለት እያዳመጠ መጻሕፍትን በቃሉ ያዘ፤ ከመጻሕፍት ትርጓሜ ሌላ ሰዋስውንና ሒሳብን፣ ፍልስፍናንም ጠነቀቀ። ሉዊ ብሬል የነጥብ ፊደሉን በፓሪስ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1824 ስለ ሆነ፣ የዲዲሞስ ትምህርት ከዚያ 1500 ዓመት ያህል የቀደመ ነው።

ቅዱስ አትናቴዎስም ዓይነ ሥውር ነው ብሎ አልናቀውም፤ በታላቁ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ሾመው። አትናቴዎስ ለእኛ ማን ነው? አባታችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ነው። ብርሃንን የሚገልጥ ጳጳስ ለኢትዮጵያ የላከው እጅ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው በመምህርነት ወንበር ያስቀመጠው ያው እጅ ነው።

ልብ በሉ፤ የዲዲሞስ ዓይን አልበራም። ሳያይ ተማረ፣ ሳያይ አስተማረ፣ ሳያይም አረፈ። እንግዲህ ልጃችን እስኪፈወስ ድረስ ትምህርቱ ይቆይ ማለት አይገባንም። ወደ ጸበል መውሰድ መልካም ነው፤ ጸሎትም ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን የጸበሉ መንገድ የትምህርት ቤቱን በር አይዘጋም። አባ እንጦንስ ዲዲሞስን ባገኘው ጊዜ፣ ለትንንሽ ነፍሳት እንኳ የተሰጠውን ዓይን በማጣቱ እንዳያዝን፣ የመላእክት ዓይን እንዳለው ነግሮ እንዳጽናናው ይተረካል። ይህ ማጽናኛ ግን የተነገረው ለተማረ ሰው ነበረ። ሳናስተምር የምናቀርበው ማጽናኛ ከንፈር መምጠጥ ብቻ ነው።

በዘመናችንም ምስክር አለን። የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ፣ በሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። በሻሸመኔ በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሕግ ተመረቀች። ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሥራቷ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በትውልድ ቀዬዋ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው ይዳሩ እንደ ነበረና ዓይነ ሥውርነቷ ከዚያ እንዳተረፋት ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ሰው እንደ ጥፋት የሚቆጥረው ነገር ለትምህርት በር ሆነላት፤ ነገር ግን እጇን ይዞ እስከ በሩ የሚያደርሳት ባይኖር ኖሮ በሩ ብቻውን ምን ይጠቅማት ነበር?

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የማን ኃጢአት እንደ ሆነ ጠየቁ። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነግሮ ጥያቄውን ዘጋው። እኛ ግን በቡናው ላይና በማኅበሩ መካከል እንደ ገና እንከፍተዋለን። ስለዚህም እናት ልጇን ይዛ ለቅዳሴ መምጣት ታፍራለች፤ አባትም ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ለማንም ሳያሳይ በመሳቢያ ውስጥ ያኖራል። ያ ደብዳቤ ግን የውኃው መናወጥ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ፣ የልጁ የትምህርት ችግር እንዲመረመርለት ወላጅ ራሱ ካውንስሉን እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶአል፤ የሚጻፈው የድጋፍ ዕቅድም ካስፈለገ እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ሊዘልቅ እንደሚችል ደንግጎአል። በባተርሲ ለምንኖር ካውንስላችን ዋንድስወርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ለዓይነ ሥውራን የተመሠረተው የሊንደን ሎጅ ትምህርት ቤትም የሚገኘው በዚሁ በዋንድስወርዝ ነው።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የምታውቁ ወጣቶች፣ ከወላጆች ጋር ደብዳቤውን አንብቡ፤ ትምህርት ቤቱ ሲጠራቸውም አብራችሁ ሂዱ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ አባቶቻችን በየአድባራቱ ዜማውንና ቅኔውን በቃል ሲያስተምሩ ዓይነ ሥውራንን ተቀብለው ለመምህርነት እንዳበቁ አትርሱ። እናንተም፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አትሸሽጉ።

ሁሉም እንደ ዲዲሞስ ይሁን አንልም። ከመጻጉዕ በኋላ በሁለተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ሁለት መክሊት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈው አገልጋይ አምስት ካተረፈው ጋር አንድ ዓይነት ምስጋና እንደ ተቀበለ እንሰማለን። ዲግሪ የጫነ ልጅ እንደሚመሰገን፣ በብዙ ድካም ስሙን መጻፍ የቻለውም በዚያው ሚዛን ይመሰገናል። የተወቀሰው መክሊቱን የቀበረው ነው። የልጆቻችን መክሊት ሲቀበር ግን ጉድጓዱን የምንቆፍር እኛ ነን፤ በፍርድ ቀንም የምንጠየቀው እኛ ነን።

በመካከላችን የሚደግፈው አጥቶ በዳር የሚቀር ሕፃን እንዳይኖር አምላከ አትናቴዎስ፣ አምላከ ሰላማ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።